ፀሐይ ላይ የተሰጣ የሬድዮ ድንጋይ

በየጧቱ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት እንጅባራ ካለው ሬድዮ ጣቢያችን የሚሰማው ድምፅ የኔ ነው። ጋዜጠኛ ነኝ አልልም፤ ብል ባልደረቦቼ ይስቁብኛል። የማስታወቂያ አንባቢ ነኝ። ሰው ወረቀቱን በግቢው መስኮት ያቀብለኛል፤ እኔ መጀመሪያ በአገውኛ፣ ቀጥዬ በአማርኛ አነበዋለሁ። የጠፋ ከብት ይቀድማል፣ ከዚያ የተገኘ ዕቃ፣ ከዚያ ስብሰባ፣ ከዚያ ክትባት፣ መጨረሻ ላይ የሞቱ ሰዎች። ቅደም ተከተሉን ማን እንዳወጣው አላውቅም፤ እኔ ስቀጠርም እንዲሁ ነበር። አድማጩ ግን እንደ ዳዊት በቃሉ ይዞታል። አንድ ቀን ክትባቱን ከስብሰባው ባስቀድም "ዛሬ አሞሻል እንዴ?" ብሎ የሚደውል አይጠፋም።

ሬድዮ እዚህ ምን ያህል እንደሚታመን ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር ልንገር። ግምጃ ቤት ከተማ አካባቢ ያለ የአንድ ማኅበር ስብሰባ ሐሙስ መሆኑ ቀርቶ ረቡዕ ብዬ አነበብኩ። ወረቀቱ ጥርት አድርጎ ሐሙስ ይላል፤ የሳተው አፌ ነው። ደንግጬ ላርም ስል የማኅበሩ ሊቀመንበር ደወሉ። "ተይው ልጄ፣ አንዴ ረቡዕ ተብሏል፣ ረቡዕ ይሁን" አሉኝ። ሰዉም ረቡዕ ዕለት በጋሪም በእግሩም መጥቶ ተሰብስቦ ሄደ። ባልደረቦቼ በሳቅ ፈረሱ። እኔ ግን ፈራሁ። በስህተት ያልኩት ነገር እውነት ሲሆን ዓይኔ እያየ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማይክ ፊት ስቀመጥ መዳፌ ያልበኛል፤ እስከ ዛሬ አልተወኝም።

ለሞት ማስታወቂያ ደግሞ የራሴ ሕግ አለኝ። ሕጉ ከአባቴ የመጣ ነው። አባቴ ሲሞት መርዶውን የሰማሁት ዳንግላ መናኸሪያ ላይ ነበር። ሻንጣዬን ይዤ ሚኒባስ እጠብቃለሁ። አንዲት የማውቃት ሴት ከመኪና ስትወርድ አየችኝና "እግዜር ያጥናሽ እኅቴ፣ ነፍስ ይማር" አለችኝ። የተነገረኝ መስሏት ነው። "ለማን?" አልኳት። ያን ጊዜ የሴትዮዋ ፊት እንዴት እንደሆነ እስክሞት አልረሳውም። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ረዳቶቹ "ባሕር ዳር! ባሕር ዳር!" ይላሉ፣ ሰው በግራም በቀኝም እየዞረኝ ያልፋል። የያዘኝ እጅ አልነበረም።

እኛ ጋ መርዶ እንዲህ አይነገርም። ሽማግሌዎች ይመካከራሉ፣ የቅርብ ዘመድ ይጠራል፣ ከዚያ ጎህ ሲቀድ፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ተሰብስበው ይሄዱበታል። እስከዚያ አገሩ በሙሉ እያወቀ እሱ ብቻ አያውቅም። ለሌላ ሰው ጭካኔ ሊመስል ይችላል። እኔ ግን መናኸሪያው ላይ ስለተቀመጥኩ አውቀዋለሁ፤ ሰው ብቻውን እንዳይሰማው ነው።

ስለዚህ ጣቢያው ከገባሁ በኋላ በሞት ማስታወቂያ ቅጻችን ታች አንድ መስመር አስጨመርኩ፦ "መርዶው ለቅርብ ቤተሰብ ተነግሯል?" የሚል። "አዎ" ካልተጻፈበት ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አላነብም። በዚህ ምክንያት መስኮቱ ላይ ያልተጣላሁት ሰው የለም። አንዱ "አንች ደግሞ ፖሊስ ነሽ?" አለኝ። "አዎ ፖሊስ ነኝ፤ እናትየው ሰምተዋል ወይ?" አልኩት። ግትር ናት ይሉኛል። ነኝ፣ ምን ይጠበስ!

እንግዲህ ሕጉን ያወጣሁት እኔ፣ ሕጉን ያፈረስኩትም እኔ።

ዝናቡ አባርቶ ድንች በሚቆፈርበት ሰሞን ነው። ያን ጧት መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተሩ አልነሳ ብሎ ግቢው ተተራምሷል። ለሁለት ሰዓት ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ጄኔሬተሩ ተነሳ። እየሮጥኩ ስገባ አንድ የማውቀው የዳንግላ ሚኒባስ ሹፌር በር ላይ ጠበቀኝና የታጠፈ ወረቀት እጄ ላይ አኖረ። "የለቅሶ ነው፣ ለዛሬ ይድረስልን ብለዋል፣ ድንኳን ተጥሏል" አለኝ። የደብተር ወረቀት ነበር። የኛ ቅጽ አይደለም፤ መስመሩ የለበትም። አየሁት፣ አላየሁትም አልልም። ድንኳን ከተጣለማ ተነግሯል አልኩ በሆዴ። ገባሁ፣ ማይኩ ተከፈተ፣ አነበብኩ።

ስሙን እዚህ አልጠራውም። ወረቀቱ የሚለው፣ በዘንገና አካባቢ የተወለዱትና ዳንግላ ላይ መምህር የነበሩት እገሌ ለሕክምና በሄዱበት አዲስ አበባ አርፈዋል፣ መንገድ በመዘጋቱ ቀብራቸው እዚያው ተፈጽሟል፣ ወዳጅ ዘመድ ዳንግላ ከሚገኘው ቤታቸው ተገኝታችሁ አጽናኑ ነው። ድምፄን እንደ ልማዴ ዝቅ አድርጌ በአገውኛ አነበብኩት። ከዚያ በአማርኛ ደገምኩት። በሁለት ቋንቋ!

ከስቱዲዮ እንደወጣሁ ስልኬ ጮኸ። ደዋዩ ዘንገና አጠገብ ያለ መንደር የእድር ዳኛ ነበሩ፤ ማስታወቂያ ሲያመጡ መስኮቱ ላይ አውቃቸዋለሁ።

"አንች ልጅ! ምን ሠራሽን?"

"ምነው አባ፣ ምን ሆኑ?"

"የመምህሩን አነበብሽው! እናቱ እኮ አልተነገራቸውም! ሦስት ቀን ሙሉ ደብቀን፣ ሴቷ ልጃቸው ዛሬ ማታ ከባሕር ዳር እስክትገባ ጠብቀን፣ ነገ ጧት ልንነግራቸው..."

"ድንኳን ተጥሏል አሉኝ እኮ!"

"ድንኳኑ ሚስቱ ቤት ነው፣ ዳንግላ! እናቱ እዚህ ናቸው!"

"አሁን ሰምተዋል?" አልኩ። ድምፄ ለራሴም አልታወቀኝም። "አባ? ሃሎ?" ኔትወርኩ ሄዷል። ደወልኩ፣ ደገምኩ፣ ሰለስኩ፤ የቴሌዋ ሴትዮ "የደወሉላቸው ደንበኛ" ማለቷን አልተወችም። ክው ብዬ ቀረሁ።

ደግሞ እናቱን አውቃቸዋለሁ። ወይ ጉዴ፣ የማላውቃቸው ቢሆኑ ምናለ! ባለፈው ዓመት ፈረሳቸው ጠፍቶ ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። ዳማ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት። ሊሸጠው ግምጃ ቤት ገበያ ያወጣውን ሰው ገዢዎቹ ራሳቸው "ይኼ የሬድዮው ፈረስ አይደለም?" ብለው ያዙት። በሳምንቱ ሴትዮዋ ጆንያ ድንች አስይዘው መስኮቱ ላይ ቆሙና "የሬድዮዋ ልጄ የታለች?" አሉ። እኔ ነኝ ስላቸው ከላይ እስከ ታች አዩኝ። "ድምፅሽ እንዲህ ወፍሮ አንች ምነው እንዲህ ቀጠንሽ? አያበሉሽም እንዴ?" አሉኝና አሳቁኝ። ከዚያ ወዲህ እንጅባራ በወጡ ቁጥር ሳያዩኝ አይመለሱም። ሬድዮዋቸው ምሰሶው ላይ ተሰቅሎ እንደሚውል፣ ድንጋዩ ሲደክምባቸው ፀሐይ ላይ አስጥተው መልሰው እንደሚከቱት ሁሉ ነግረውኛል። ባትሪውን እኛ ድንጋይ ነው የምንለው። አንድ ቀን ደግሞ "የሞቱትን ስታነቢ ድምፅሽን ዝቅ ታደርጊያለሽ፤ ደግ ነው፣ እንዲያ ነው የሚባለው" አሉኝ። እንዲህ የሚያዳምጡ ሰው ናቸው።

ባጃጅ ተኮናትሬ ወጣሁ። ለአለቃዬ ምን ብዬ እንደወጣሁ እንኳን አላስታውስም። ሹፌሩ ጣቢያችንን ከፍቶ ዘፈን ይሰማል። በልቤ አንድ ነገር ብቻ ይመላለሳል፦ ሰምተዋል፣ አልሰሙም፣ ሰምተዋል፣ አልሰሙም። ከሰሙ ብቻቸውን ነው የሰሙት። እኔን ነው የሰሙት። በገዛ ድምፄ፣ ያውም ዝቅ አድርጌ!

ከአስፋልቱ ወርጄ ወደ ዘንገና ሐይቅ በሚወስደው የእግር መንገድ ገባሁ። ፊቴን ማንም አያውቀውም፤ አፌን ከከፈትኩ ግን ያለቀልኝ ነኝ። አንገቴን በነጠላ ሸፍኜ ሰላምታውን በጭንቅላቴ ብቻ እየመለስኩ ሄድኩ። ሁለት መንገድ ከሚለያይበት ስደርስ ግን ቤታቸው በየትኛው እንደሆነ ጠፋኝ። ድንች የሚቆፍር ሰው አየሁና "እንደምን ዋሉ?" አልኩት።

ቀና አለ። "ኧረ የሬድዮዋ!" ብሎ ፈገግ ካለ በኋላ ወዲያው ፊቱ ጠቆረ። "ሰምተናል፤ ጧት አነበብሽው" አለኝ ድምፁን ቀንሶ።

"እሳቸውስ? ሰምተዋል?"

"እኔ እንጃ። በሬድዮው ሰዓት በራቸው ላይ ቆመው አይቻቸዋለሁ። ወደዚህ ወደዚያ ሲያዩ ነበር።"

መንገዱን አሳየኝና እሮጥ ጀመር። ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው፣ ሩጫ ከተውኩ ቆይቷል፤ የቀርከሃው አጥር ጋ ስደርስ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

የእድር ዳኛው አጥሩ ሥር ጋቢያቸውን ተከናንበው ቆመዋል። ሲያዩኝ ክርኔን ይዘው ወደ ጥግ ጎተቱኝ። "ምን ልትሠሪ መጣሽ? የቀረሽን ልትጨርሺ?" አሉኝ በሹክሹክታ።

"ሰምተዋል?"

"አልሰሙም። እግዜር ነው ያወጣሽ። መርዶው የደረሰን ዕለት ከሬድዮው ውስጥ ደህናውን ድንጋይ አውጥተን ያለቀ ከተናል። የጎረቤቱንም ሬድዮ ሁሉ ድምፁ ከደጅ እንዳይሰማ አስቀንሰናል።"

አጥሩን ተደግፌ ቀረሁ። ሞኝነቴን ልናዘዝ፤ ያን ጊዜ የተሰማኝ ደስታ ነው። ሰው ሞቶ፣ እናት ሳትሰማ፣ እኔ እፎይ አልኩ። ግቢው ውስጥ አንድ ጠፍጣፋ ዓለት ላይ ሁለት የሬድዮ ድንጋይ ተሰጥቷል። እናትየው ያለቀውን ድንጋይ ይሞቅ ብለው ለፀሐይ አስጥተውታል።

"በይ አሁን ሳያዩሽ ሂጂ" አሉኝ ዳኛው።

"እግዜር ይስጥልኝ አባ!" አልኩ። ከደስታዬ የተነሳ ድምፄን አልመጠንኩትም።

ከቤት ውስጥ "ያቺ የሬድዮዋ ልጄ አይደለችም?" የሚል ድምፅ መጣ።

ዳኛው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ምን ይደረግ፣ ገባን። እናትየው መደቡ ላይ ተቀምጠው የተቀቀለ ድንች ይልጣሉ። ተነስተው ጉንጬን አገላብጠው ሳሙኝ። "ምን እግር ጣለሽ? ደህና ነሽ? ላብሽ ይንጠፈጠፋል፣ ማን አሯሯጠሽ?"

"ስለ ድንች ፕሮግራም ልሠራ ነው እናቴ፤ ገበሬ ላነጋግር" አልኩ። ቅጥፈቱ እንዴት እንደቀለለኝ!

"እሰይ! ተቀመጪ፣ ብይ።" ድንቹን በበርበሬ አቀረቡልኝ። አንዱን ጎረስኩ። ዳኛው በሩ አጠገብ ተቀምጠው ዓይናቸውን ከኔ አልነቀሉም። ምሰሶው ላይ ሬድዮው ዝም ብሎ ተሰቅሏል።

"ሦስት ቀን አልሰማሁሽም" አሉ እናትየው። "ድንጋዩ ሞተብኝ። ጎረቤት ብልክ እነሱም ጋ ሞቷል አሉኝ፤ ሱቅ ብልክ ሱቁም የለውም አሉኝ። ያገሩ ድንጋይ ሁሉ ባንድ ቀን አለቀ። እንግዲህ ራስሽ መጥተሻል፣ የዛሬውን እስቲ ንገሪኝ።"

ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እኔ ጀመርኩ። አንዲት ጊደር መጥፋቷን ነገርኳቸው፤ "የማን ናት? እነዚህ ሰዎች አጥር አያውቁም" አሉ። የተገኘ መታወቂያ አለ አልኩ። የመስኖ ስብሰባውን ነገርኳቸው፣ የበግ ክትባቱን ነገርኳቸው። ክትባቱ ጋ ስደርስ ምላሴ ተሳሰረ። ከዚያ የሚቀጥሉት ሟቾች ናቸው፤ ልጃቸውም ከነሱ መሀል። አንዱን ብቻ ዘልዬ የሌሎቹን ልጥራ? ያን ዕለት ሌሎች ሦስት ሰዎችም አንብቤ ነበር። ግን የሞት ነገር ከአፌ ከወጣ ፊቴ ያስበላኛል ብዬ ፈራሁ።

"በቃ፣ ይኸው ነው" አልኩ። ዳኛው በረጅሙ ተነፈሱ።

እናትየው አንድ ድንች ልጠው ጨረሱ። ከዚያ "ወረቀት ይዘሻል?" አሉኝ። ይዣለሁ አልኩ። "እንግዲያው ጻፊልኝ። ለልጄ ነው። ስልጠና ብሎ ከሄደ ወሩ አለፈ። ስልክ የለም ይሉኛል፣ ኔትወርክ የለም ይሉኛል። ሰው ይህን ያህል ይሰለጥናል? ነገ አንብቢልኝ፤ ሬድዮ ከሰማ ይመጣል።"

መታመሙን ደብቀዋቸው ስልጠና ሄደ እንዳሏቸው ያን ጊዜ ገባኝ። እስክሪብቶውን አወጣሁ። ምን ላድርግ፣ እምቢ ልበል? እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። እናትህ ደህና ነኝ፣ ድንቹ ዘንድሮ ጥሩ ነው፣ ፈረሱም ደህና ነው፣ ስልጠናው ካለቀ ናና እይ፣ ልጆቹንም ይዘህ ና። እጄ እየተንቀጠቀጠ ፊደሉ ከመስመር ይወጣል። ቀና ስል እናትየው የሚያዩት ፊቴን አይደለም፣ እጄን ነው።

"እስቲ እባክዎ ፈረሱን ወደ ጥላው ያዛውሩልኝ፣ ፀሐይ በላው" አሏቸው ዳኛውን። ዳኛው መውጣቱ ቀለላቸው መሰለኝ፤ ጋቢያቸውን ሰብስበው ወጡ።

"የሞቱትስ?" አሉኝ እናትየው።

"እ?"

"ከክትባቱ ቀጥሎ የሞቱት ናቸው። ዘለልሻቸው።"

"ዛሬ የሞተ የለም እናቴ።"

የያዙትን ድንች ሳህኑ ላይ አኖሩ። እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ። "ስንት ዘመን ስሰማሽ ሰው ሳይሞት ያለፈ አንድ ቀን የለም" አሉ። "ይህን የሚያህል አገር! ዛሬ ብቻ ማንም አልሞተም?"

ወረቀቱን አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

"የገዛሁት ድንጋይ ቀይ ነበር" አሉ ቀስ ብለው። "ከገዛሁት ሁለት ሳምንት አልሞላውም። ይኼ ፀሐይ ላይ የማሰጣው ሰማያዊ ነው። ሦስት ቀን አሰጣሁት። ድንጋይ የሚለወጠው መቼ እንደሆነ እኔም አውቃለሁ፤ በመርዶ ጊዜ ለጎረቤቴ የለወጥኩ ሰው ነኝ። ምናልባት የወንድሜ ይሆናል እያልኩ ነበር። ሽማግሌ ነው። አንች ዛሬ እየሮጥሽ ስትመጪ፣ ስሙን ስጠራልሽም እጅሽ እንዲህ ሲሆን..." ቃላቸው ተቋረጠ። "ልጄ ነው።"

ጥያቄ አልነበረም። እኔ አዎም አላልኩ፣ አይደለምም አላልኩ። እንባዬ ዱብ ዱብ ሲል ግን እሱው ተናገረ። እናትየው ወደፊት ዘመም አሉ። ይወድቃሉ ብዬ ሁለት እጃቸውን ያዝኩ። መርዶ የሚነገረው ሰው በሰው ላይ ተደርቦ፣ ወገብ የሚይዝ፣ ውኃ የሚያቀብል ባለበት ነው። እሳቸውን የያዛቸው የኔ እጅ ብቻ ነበር። መናኸሪያውን አስታወስኩ። አፈር ይብላኝ፣ ያን ያደረገችብኝን ሴት ሆኜ ተገኘሁ።

"ይጩኹ እናቴ፣ አይያዙት" አልኳቸው።

"አልጮህም።" ጥፍራቸው መዳፌ ውስጥ ገብቷል። "ሴቷ ልጄ ትመጣለች?"

"ዛሬ ማታ።"

"እንግዲያው ነገ ጧት ነው የሚነግሩኝ።"

"አዎ።"

"አሁን ብጮህ መንገድ ላይ ሳለች ትሰማለች። እነዚህም ሦስት ቀን ደክመዋል። እንደ ደንቡ ይንገሩኝ፣ ልጄ ትያዘኝ። እኔ አልሰማሁም። አንችም አልነገርሽኝም።" ከዚያ እጄን ሳይለቁ፣ ከመጀመሪያው ይልቅ በቀጠነ ድምፅ፣ "ብቻ አትሂጂብኝ" አሉኝ።

አልሄድኩም። ዳኛው ሲመለሱ ስለ ድንቹ ገና ብዙ የምቀዳው አለኝ፣ እዚሁ አድራለሁ አልኳቸው። በዓይናቸው ሊበሉኝ ደረሱ፤ ግን እናትየው ፊት ምን ይበሉ! ከሰዓት በኋላ ከእናትየው ጋር ድንች ስንለይ ዋልን። ትልልቁን ለገበያ፣ ደቃቁን ለዘር። እጃቸው ሥራውን ያውቀዋል፤ ይለያል፣ ይጥላል፣ ይለያል። አልፎ አልፎ ቀጥ ይላሉ፤ ያን ጊዜ እኔም ቀጥ እላለሁ። ጎረቤት ብቅ ባለ ቁጥር "ግቡ፣ እንግዳ አለችኝ፣ የሬድዮዋ ልጅ ናት" ይላሉ። ሰዉ ያየኛል፣ ፊታቸውን ያያል፣ አልሰሙም ብሎ ተደስቶ ይመለሳል። አንዴ ጩኸታቸው ያመልጣቸዋል ብዬ፣ አንዴ ደግሞ ውስጥ ለውስጥ ልባቸው ቀጥ ይላል ብዬ፣ ትንፋሻቸውን ስቆጥር ዋልኩ።

ጀንበር ስትጠልቅ ልጃቸው ገባች። ዓይኗ አብጧል። "አቧራው ነው፣ መንገዱ አስቸግሮን" አለች። "እኔን፣ ተጎዳሽ" አሏት እናቷ፣ አቅፈውም ከወትሮው ትንሽ ያቆዩዋት መሰለኝ። ሦስታችን አንድ ገበታ ቀረብን። ልጅቱ እናቴ አታውቅም ብላ ስለ መንገዱ ታወራለች፤ እናትየው ልጄ አታውቅብኝ ብለው ስለ ድንቹ ያወራሉ፤ እኔ የሁለቱንም እያወቅሁ ቁራሹን አላምጠዋለሁ። ስለ ወንድሟ የጠየቀ የለም። የእናት ነገር! ባይጠይቁ እንደሚያስነቃ ገባቸውና "ወንድምሽ ደውሎልሽ ያውቃል?" አሏት። "ኔትወርክ የለም" አለች፣ አንገቷን ደፍታ። "እሱማ የለም" አሉ።

ጎህ ሲቀድ የእግር ኮቴ ሰማን። ቀድመው የሰሙት እሳቸው ናቸው። ከመኝታቸው ተነስተው ነጠላቸውን ደረቡና የልጃቸው እጅ በሚደርስበት ቦታ ተቀመጡ። በሩ ተንኳኳ። ዳኛው፣ አንድ ቄስ፣ ሌሎች ሽማግሌዎች፣ ከኋላቸው ሴቶች ገቡ። ቤቱ በሰው ሞላ። ዳኛው "እንግዲህ እናታችን" ብለው ጀመሩ። ገና ስሙን ሳይጠሩት እናትየው ጮኹ።

ያን ጩኸት ልገልጸው አልችልም። ትናንት ቀትር ላይ የጀመረ ጩኸት ነው፤ ግማሽ ቀንና አንድ ሌሊት ታፍኖ ነው የወጣው። ልጃቸው ወገባቸውን ያዘች፣ ሴቶቹ ክንዳቸውን ያዙ፣ አንዷ ውኃ ረጨች። መሬት ሳይነኩ በሰው እጅ ላይ ወደቁ። እኔ ከግድግዳው ተጣብቄ አለቀስኩ። የኔ እጅ ያን ጊዜ አላስፈለገም።

በኋላ ዳኛው አጥሩ ሥር መጥተው አጠገቤ ቆሙ። ቁጣቸው በርዷል። "አየሽ? ምንም ሳይጠረጥሩ፣ እንደ ደንቡ ነገርናቸው። አንችም ተረፍሽ፣ እኛም ተረፍን" አሉኝ።

"አዎ አባ" አልኩ።

ልሄድ ስሰናበት እናትየው ከሴቶቹ መሀል እጄን ጎትተው ጆሮዬ ላይ "ትናንት ያነበብሽው የዳንግላውን ለቅሶ ነው አሉኝ። ዛሬ የኔን አንብቢ" አሉኝ። ድምፃቸው ተዘግቷል።

ለሁለት ሰዓት ደረስኩ። አንድ ንጹሕ ቅጽ አውጥቼ በገዛ እጄ ሞላሁት፤ የሟች ስም፣ የለቅሶው ቦታ፣ ዘንገና፣ እናታቸው ቤት። ቦርሳዬ ውስጥ ያ ሌላው ወረቀት አለ፤ ድንቹ ጥሩ ነው፣ ፈረሱም ደህና ነው የሚለው። አላነበብኩትም፣ አልቀደድኩትምም። ታችኛው መስመር ጋ ስደርስ እስክሪብቶዬ ቆመ። "መርዶው ለቅርብ ቤተሰብ ተነግሯል?" ይላል። "አዎ" ብዬ ጻፍኩበት። ማን ነገራቸው የሚል መስመር ቅጹ የለውም፤ ሳስጨምረው እሱን አላሰብኩበትም ነበር።